ዱላው የማይቀናው ሾርትስቶፕ እንጀራውን በምን ይበላል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአሜሪካው የቤዝቦል ጨዋታ ሾርትስቶፕ በሚባለው ቦታ ስለሚሰለፉ፣ በመምታት ደካማ በመከላከል ግን ብርቱ ስለሆኑ ተጫዋቾች ነው። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ የባልቲሞርን የቤዝቦል ቡድን ታሪክ ሲያጫውተኝ ሰነበተ። ከነገረኝ ሁሉ አልዋጥልህ ያለኝ ማርክ ቤላንገር ስለተባለው ተጫዋች ያወራኝ ነው። ይህ ሰው ኳስ መምታት ሳይሆንለት 17 ዓመት በአንድ ክለብ ቆየ ይለኛል። እኛ በሆጤ ሜዳ ጨዋታ ስንመለከት ጎል የማያገባን አጥቂ ሦስት ጨዋታ እንኳ አንታገሠውም። ነጥብ በመምታት በሚገኝበት ጨዋታ መምታት የማይሆንለት ሰው ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሊቆይ ቻለ? በቁጥር ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ልጅዎ የነገረዎት አንዳች ግነት የለበትም። ማርክ ቤላንገር ከ1965 እስከ 1981 ለባልቲሞር ኦሪዮልስ፣ በ1982 ደግሞ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተጫውቶ ጫማውን የሰቀለ ሰው ነው። ከ2,000 በላይ ጨዋታዎች ተሰልፎ የመምታት አማካዩ 0.228 ነበር፤ በመዝገብ ከሚያዙለት 1,000 የመምታት ተራዎች ውስጥ በምት ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠው ማረፊያ) ላይ የሚደርሰው 228 ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ 0.300 የሚመታ ይወደሳል፤ ከ0.200 በታች የወረደ ደግሞ ሻንጣውን ማሰናዳት ይጀምራል። ኳሱን ከአጥር በላይ የሚያሻግረውን ሆምረን የተባለውን ምት በተጫወተበት ዘመን ሁሉ የመታው 20 ጊዜ ሲሆን፣ ኃይለኛ መቺ ይህን ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ይመታል። በአንጻሩ በየዓመቱ በየቦታው ምርጥ ሆኖ ለተገኘ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት 8 ጊዜ ወስዷል።

ያነሡት የአጥቂ ምሳሌ ግን አይገጥምም። ሾርትስቶፕ የሚቀርበው ለመሐል ተከላካይ ነው፤ ልዩነቱ በቤዝቦል ተከላካዩም ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ መቆም ግዴታው መሆኑ ነው። አንድን የመሐል ተከላካይ በየጨዋታው አራት ፍጹም ቅጣት ምት እያስመቱ በዚያው ቢመዝኑት ምን ያህል ሊታማ እንደሚችል ያስቡት። በቤላንገር ላይ ይሰነዘር የነበረው ሐሜትም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ነው። ከመቺዎቹ የሚበዙት ቀኝ እጆች ስለሆኑ፣ ቀኝ እጅ መቺም ኳሱን ሲያጠብቀው ወደ ሜዳው ግራ ስለሚስበው፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ኳስ በብዛት የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። መቺው ዱላውን ጥሎ እስከ መጀመሪያው ቤዝ የሚሮጠው 27.4 ሜትር ነው፤ ይህንንም ከ4 ሰከንድ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ይጨርሰዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሾርትስቶፑ ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር ገምቶ መድረስ፣ ጎንበስ ብሎ መያዝ፣ ከጓንቱ ወደሚወረውርበት እጁ ማዛወርና የሜዳውን ስፋት አቋርጦ ወደ መጀመሪያው ቤዝ መወርወር ይጠበቅበታል። ጓንቱ ከውጭው ሜዳ ተጫዋቾች ጓንት ያነሰ የሚሆነውም ስለዚሁ ነው፤ ኳሱ ጥልቅ ጓንት ውስጥ ገብቶ በጣት እስኪፈለግ ድረስ ሯጩ ቤዙን ይረግጣል። ከዚህም ሁሉ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። በዚያን ዘመን ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር ኳስ ያዡ በጣቱ ሲጠቁም ሾርትስቶፑ ከቦታው ሆኖ ያይ ነበር፤ መቺው ያንን ኳስ ወዴት ሊሰደው እንደሚችል አስልቶም ኳሱ ሳይወረወር አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይል ነበር። ቤላንገር የተመሰገነው በዚህ ነው። ሌሎች በደረታቸው ተወርውረው የሚይዙትን ኳስ እርሱ ቆሞ ይጠብቀው ስለነበር፣ ለማያውቅ ተመልካች ሥራው ቀላል ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ቁጥር ልምጣ። አንድ ሾርትስቶፕ በአንድ የውድድር ዘመን 450 የመምታት ተራ ተያዘለት እንበል። 0.228 የሚመታው 103 ጊዜ ያህል ይሳካለታል፤ 0.260 የሚመታው ደግሞ 117 ጊዜ። ልዩነቱ 14 ምት ነው፤ 162 ጨዋታ በሚደረግበት ዘመን በ11 ወይም በ12 ጨዋታ አንድ ምት መሆኑ ነው። ይህ ጓንተ ብርቱ ተጫዋች ሌላው የማይደርስባቸውን 14 ኳሶች በዓመቱ ውስጥ ደርሶ ከያዘ፣ ለተጋጣሚው ምት ሊሆኑ የነበሩትን 14 ኳሶች አመከነ፤ የዱላውን ዕዳም በዚያው ከፈለ። ከዚያ በላይ የያዘው ሁሉ ለክለቡ ትርፍ ነው። እርግጥ ስሌቱ እንዲህ የቀና የሚሆነው ሁለቱ ሰዎች የሚመቱት አጭር ምት ሲሆን ነው። በአንድ ምት ሁለትና ሦስት ቤዝ ከሚረግጥ ወይም ሆምረን ከሚደጋግም መቺ ጋር ሲወዳደር ዕዳው ከፍ ይላል፤ ቤላንገርም ይህን ዕዳ ተሸክሞ ነው የኖረው። ያም ሆኖ ቤዝቦል ሬፈረንስ የተባለው የአኃዝ መዝገብ፣ ተጫዋቾች በመከላከል ብቻ ለቡድናቸው ያስገኙትን ጥቅም አስልቶ በዘመናት ሁሉ ሲደረድራቸው፣ ቤላንገርን ከኦዚ ስሚዝ ቀጥሎ በሁለተኛነት ያስቀምጠዋል። እንደ ሒሳብ መምህርነትዎ ግን በስህተት ብዛት ብቻ እንዳይመዝኑ ላሳስብዎት እወዳለሁ፤ ኳሱ ዘንድ ያልደረሰ ተጫዋች ስህተት አይመዘገብበትምና፣ ቀርፋፋው ከፈጣኑ የጸዳ መዝገብ ሊኖረው ይችላል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን የ17 ዓመቱን ቆይታ አያስረዳም። እኔ እንደማምነው ቤላንገርን ያቆየው የራሱ ጓንት ብቻ ሳይሆን የባልደረቦቹ ዱላ ጭምር ነው። ከ1968 ጀምሮ ያሠለጠነው ኧርል ዊቨር በወርዋሪዎቹ፣ በመከላከልና በትልልቅ ሆምረኖች የሚያምን ሰው ነበር፤ ሆምረኖቹን የሚያመጡለት ደግሞ እነ ፍራንክ ሮቢንሰንና ቡግ ፓወል ነበሩ። ስምንት ሰው በሚመታበት ቡድን ውስጥ ዘጠነኛው ዱላው ቢደክም ክለቡ ይችለዋል፤ አምስቱ የማይመቱ ከሆነ ግን ስድስተኛውን የሚሸከም የለም። ሦስተኛውን ቤዝ የሚጠብቀው ብሩክስ ሮቢንሰን በበኩሉ 16 የወርቅ ጓንት የወሰደ ሰው ስለነበር፣ ቤላንገር ወደ ግራው የሚሄደውን ኳስ ለመሸፈን ድፍረት ያገኝ ነበር። ወርዋሪዎቹም ኳሱ መሬት ለመሬት ከሄደ እንደሚያዝ ያውቃሉ። በ1971 የባልቲሞር አራት ወርዋሪዎች፣ ማክናሊ፣ ኩዌያር፣ ዶብሰንና ፓልመር፣ እያንዳንዳቸው 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ አሸነፉ፤ ከዚህ ክብር የተወሰነው ድርሻ ከኋላቸው ለቆሙት ሰዎች ይገባል።

የሥራው አጀማመርና አካሄድም ቢሆን የተደላደለ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ከፊቱ የቬንዙዌላው ሉዊስ አፓሪሲዮ ስለነበረበት ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ። አፓሪሲዮ ከ1967 በኋላ ወደ ቺካጎ ሲሸጋገር ቦታውን ተረከበና በ1968 የመታው 0.208 ነበር። በቀጣዩ ዓመት 0.287 መትቶ ሁሉንም አስገረመ፤ በዚያው ዓመት ከከፍተኛው ቤዝቦል ሁለት ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ተከታታይ ጨዋታ በሚኒሶታ ላይ ሆምረን ከመምታቱም በላይ፣ በ12ኛው ኢኒንግ (የመምታት ዙር) በፖል ብሌር ቀስታ ምት ከሦስተኛው ቤዝ ሮጦ ገብቶ አሸናፊዋን ነጥብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር። በ1970 ቡድኑ ሲንሲናቲን አሸንፎ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበትን የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ወሰደ። በ1973 በአሜሪካን ሊግ በወርዋሪው ፋንታ የሚመታ ሌላ ሰው ማሰለፍ ሲፈቀድ፣ ለቤላንገር ዓይነት ተጫዋች ትንሽ እፎይታ ተገኘ፤ ወርዋሪውም ሾርትስቶፑም የማይመቱበት ሰልፍ ቀርቶ ሸክሙ ወደ አንድ ሰው ዝቅ አለ።

ዊቨር ግን ያከብረው የነበረው ጓንቱን እንጂ ዱላውን አልነበረም፤ ጨዋታ ሲጠብ ብዙ ጊዜ ከመምታት ተራው ያወጣው ነበር። በመስከረም 1975 ያደረገው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በእንግድነት የሚጫወት ቡድን ቀድሞ ስለሚመታ፣ ሮይል ስቲልማን የተባለውን መቺ ሾርትስቶፕ ብሎ በሰልፉ አናት ላይ ያስመዘግበዋል፤ ስቲልማን አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ ቡድኑ ሊከላከል ሲወጣ ያስወጣውና ቤላንገርን ያስገባል። ይህን ብልጠት ብለው የሚያደንቁ አሉ። ለእኔ ግን ስምንተኛ ዓመቱን የያዘ ቋሚ ተጫዋችን በአደባባይ ማሳፈር ይመስለኛል፤ በዚያን ጊዜ ቤላንገር የወርቅ ጓንቱን አራት ጊዜ ወስዶ ነበርና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። የሌሊት ፈረቃ ስጨርስ በስልኬ የቆዩ የቤዝቦል ጨዋታዎችን ማየት እወዳለሁ። ኦዚ ስሚዝም ደካማ መቺ ነበር ይባላል፤ ታዲያ እርሱ ታላላቅ ተጫዋቾች በሚከበሩበት የቤዝቦል ዝና አዳራሽ ሲገባ ሌሎቹ ለምን ቀሩ? ደግሞስ እንዲህ ያሉትን ተጫዋቾች በትልቁ ጨዋታ ላይ ያሰልፏቸዋል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የኦዚ ስሚዝ ነገር ከቤላንገር የሚለየው ዱላውን እየተማረ በማደጉ ነው። በ1978 በሳን ዲዬጎ ሲጀምር እንደሌሎቹ ነበር፤ በ1979 የመታው 0.211 ነው። ወደ ሴንት ሉዊስ ከተዛወረበት ከ1982 በኋላ ግን በየጊዜው እየተሻሻለ ሄዶ በ1987 0.303 መታ፤ ጫማውን ሲሰቅልም አማካዩ 0.262 ደርሶ፣ ምት ሳይጠብቅ ሮጦ 580 ጊዜ ቤዝ ሰርቆ ነበር። ከ1980 እስከ 1992 የወርቅ ጓንቱን 13 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። በ1985 የናሽናል ሊግ ሻምፒዮና አምስተኛ ጨዋታ ላይ በዘጠነኛው ኢኒንግ የመታውን ሆምረን ሳታየው አትቀርም፤ ከሁለቱም ጎን ይመታ የነበረው ይህ ሰው በግራ ቆሞ ከ3,000 በላይ ተራዎች ሲያልፉት የመጀመሪያው ሆምረን ያ ነበር። በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ በቀረበበት ምርጫ 91.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ዝና አዳራሽ ገባ። ቤላንገር ግን በስም ዝርዝሩ ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው 5 በመቶ እንኳ ሳይሞላለት በአንድ ጊዜ ወደቀ። ፍርዱ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል፤ በመከላከል የሚቀራረቡ ሁለት ሰዎች በድምፅ ይህን ያህል የተራራቁበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

በዚሁ ላይ የሜክሲኮውን ማሪዮ ሜንዶዛን ማንሣት ይገባል። ኦዚ ስሚዝ በተወለደበት ቀን ከአራት ዓመት ቀደም ብሎ የተወለደው ይህ ሾርትስቶፕ በፒትስበርግ፣ በሲያትልና በቴክሳስ ተጫውቶ አማካዩ 0.215 ሆኖ ቀረ። በ1979 በሲያትል 148 ጨዋታ ተሰልፎ 0.198 ብቻ ቢመታ፣ ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲቀላለዱ የ0.200ን ወሰን የሜንዶዛ መስመር አሉት፤ ስሙ እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራል። በአገሩ ግን እጁ እንደ ሐር የለሰለሰ ተብሎ የተወደሰ፣ በሜክሲኮ የቤዝቦል ዝና አዳራሽም ስሙ የሰፈረ ተጫዋች ነው። ስለዚህ በአንድ አገር መሣቂያ፣ በሌላው አገር መመኪያ የሆነው ያው ሰው ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን የ1968 ወርልድ ሲሪስ ሁለት ዓይነት አድርጎ ይመልስልሃል። በዚያ ዓመት የዲትሮይቱ ሾርትስቶፕ ሬይ ኦይለር ከ215 ተራዎች 29 ጊዜ ብቻ ተሳክቶለት 0.135 መታ። አሠልጣኙ ሜዮ ስሚዝ ለፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታ ሲዘጋጅ ኦይለርን አስቀመጠና፣ የመሐል ውጭ ሜዳ ተጫዋች የነበረውን ሚኪ ስታንሊን ወደ ሾርትስቶፕ አመጣው፤ በዚህም ከጉዳት ለተመለሰው ለአል ኬላይን በውጭው ሜዳ ቦታ ተገኘ። ብዙ ሰው እብደት አለው፤ ስታንሊ ግን በሰባቱ ጨዋታዎች ሁለት ስህተት ብቻ ሠራ፣ ኬላይንም 0.379 መታ። ይሁንና መርሳት የሌለብህ ነገር፣ ዲትሮይት እየመራ ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲደርስ አሠልጣኙ ኦይለርን መልሶ ያስገባው ነበር፤ መሪነትን ለመጠበቅ የሚያምነው የእርሱን ጓንት ነበርና። በተቃራኒው ወገን ሴንት ሉዊስ የራሱን ጓንተ ብርቱ ሾርትስቶፕ ዳል ማክስቪልን ሳይነካ በሰባቱም ጨዋታ አሰለፈው። ማክስቪል ያን ዓመት የወርቅ ጓንት ቢወስድም በዚያ ተከታታይ ጨዋታ በ22 ተራ አንድም ምት አልቀናውም። ዲትሮይት በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ለዚህ ሽንፈት ማክስቪልን ብቻ ተወቃሽ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። እርሱም ቢሆን ከ1985 ጀምሮ ለዓመታት የዚያው የሴንት ሉዊስ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሠርቷል፤ ኦዚ ስሚዝም በርሱ ሥር ከተጫወቱት አንዱ ነበር።

ጥያቄ፦ በደሴ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን በድንጋያማና ዘቅዛቃ ሜዳ የቤዝቦል አያያዝ ለማስተማር እየሞከርሁ ነው። ኳሱ በየአቅጣጫው ስለሚነጥር ልጆቹ ይሰለቻሉ። ደግሞም ከመካከላቸው በአያያዝ የሚበልጠው ልጅ መምታት አይሆንለትም። በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያለ ተጫዋች በሙያው ሊኖር ይችላል?

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ ስለ ሜዳው ላንሣ። ስመ ጥሩዎቹ ሾርትስቶፖችም ከክፉ ንጥረት አላመለጡም። ኦዚ ስሚዝ በሚያዝያ 1978 ገና ጀማሪ ሳለ፣ የአትላንታው ጄፍ ቡሮውስ የመታውን ኳስ በግራ በኩል ተወርውሮ ሊይዝ ሲል ኳሱ ነጥሮ ከጓንቱ በተቃራኒ ሄደ፤ እርሱም በአየር ላይ ሳለ ባዶ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ያዘውና ተነሥቶ ወርውሮ ሯጩን አስወጣው። በኋላ በሴንት ሉዊስ የተጫወተበት ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ንጥረቱ የተስተካከለ፣ የኳሱ ፍጥነት ግን የበረታ ስለነበር ወደ ኋላ ሸሽቶ ይቆም ነበር። ልጆቹን በዚያ ሜዳ ስታሠለጥኚ ኳሱ ዘንድ ፈጥነው እንዲደርሱና ንጥረቱን ሳይጠብቁ ከመሬት እንደተነሣ እንዲይዙት አለማምጂያቸው፤ እግር ቀድሞ ከደረሰ እጅ አይቸኩልም።

ስለ ሙያው የሚሰጠው መልስ ግን የሚያስደስት አይደለም። ካል ሪፕከን በ1982 በዚያው በባልቲሞር የሾርትስቶፕን ቦታ ከያዘ ወዲህ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ዱላው ኃይለኛ የሆነ ሰው ቦታውን ሊሠራው እንደሚችል ታየ፤ እርሱ 431 ሆምረን መትቷል። ከዚህም ሌላ የዛሬ መቺዎች ኳሱን ጨርሶ ሳይነኩ የሚወጡበት ጊዜ በቤላንገር ዘመን ከነበረው እጅግ ስለበዛ፣ ወደ ሾርትስቶፑ የሚደርሰው ኳስ ቀንሷል፤ ጓንቱ ዕዳውን የሚከፍልበት አጋጣሚ ጠበበ ማለት ነው። ከ2023 ጀምሮ ግን በሁለተኛው ቤዝ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት የውስጥ ተከላካዮች መቆም ግዴታ በመሆኑ፣ ቀደም ሲል ቡድኖች ተጫዋች በማዛወር ይሸፍኑት የነበረውን ክፍተት በእግሩና በእጁ የሚሸፍን ሰው እንደገና ተፈልጓል። የአሪዞናው ኒክ አህመድ በ2018 እና በ2019 የወርቅ ጓንት ወስዶ ሳለ፣ ዱላው ሲደክም ክለቡ በመስከረም 2023 አሰናበተው፤ ቡድኑም በዚያው ወር ማግስት ወርልድ ሲሪስ ደረሰ።

ተማሪሽ ይህን መንገድ ቢመርጥ የሚጠብቀውን በገንዘብ ላስቀምጠው። በከፍተኛው ሊግ በ2026 የአንድ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ 780,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ በ2023 በተደረሰው ስምምነት የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ 35,800 ዶላር ነበር። ዱላው ደካማ የሆነ ሾርትስቶፕ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በእነዚህ ሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ነው። በከፍተኛው ሊግ 43 ቀን ከተመዘገበ የጡረታ መብት ያገኛል፤ ሙሉው የሚሆነው ግን በ10 ዓመት ነው። እንዲህ ያሉት መብቶች በድርድር የተገኙ ሲሆኑ፣ ቤላንገርም በ1981 ለ50 ቀን ያህል በቆየው የሥራ ማቆም አድማ ከተጫዋቾቹ ተደራዳሪዎች አንዱ ነበር። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም በ1998 በሳንባ ካንሰር እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የሠራው በተጫዋቾቹ ማኅበር ውስጥ ነው።